ሰርቨሩ ተቀየረ፤ ወረፋው ግን አልተነቃነቀም

(አንድ የዳታቤዝ ባለሙያ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ለግዢ ሠራተኞችና ለሙያ ባልደረቦቹ ያደረገው ንግግር)



እዚህ የተሰበሰባችሁት የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የግዢና የሒሳብ ሠራተኞች፣ እንዲሁም የሙያ ባልደረቦቼ ናችሁ። ሁላችሁም ግን ከኃላፊነታችሁ በፊት ባለጉዳዮች ናችሁ። በዚህ ከተማ እየኖረ አንድ መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው እጁን ያውጣ ብል አንድም እጅ አይወጣም። «ነገ ተመለሱ»፣ «ሲስተሙ እየተንቀራፈፈ ነው»፣ «ትንሽ ታገሱ፣ እየዞረ ነው» … ይህ የዘወትር ቋንቋችን ከሆነ ሰነበተ።

እርግጥ «ሲስተም የለም» ሲባል አንዳንዴ መብራት ጠፍቶ ነው፤ አንዳንዴ መስመር ተቋርጦ ነው፤ አንዳንዴም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከመስኮቱ ጀርባ የሚቀመጠው ሰው ምሳ ሄዶ ነው። ስለነዚህ ሌላ ሰው ይናገር። የእኔ እንጀራ ዳታቤዝ ስለሆነ ዛሬ የማነሳው አራተኛውን ምክንያት ነው። መብራቱም አለ፣ መስመሩም አለ፣ ሠራተኛዋም ቦታዋ ላይ ናት፤ መልሱ ግን አይመጣም። አለቆች ይሰበሰባሉ። «ማሽኑ አርጅቷል» ይባላል። ጨረታ ይወጣል። ብዙ ገንዘብ ፈሶ ከድሮው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሰርቨር ይገዛል፤ ሪባን ይቆረጣል። በማግሥቱ ወረፋው እዚያው ነው። አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ይብሳል።

ለምን? መልሱን በአጭሩ ልንገራችሁ። አዲሱ ማሽን ጉልበተኛ መሆኑን ዳታቤዙ አያውቅም። የነገረው የለማ!

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ዳታቤዝ ማለት መዝገብ ቤት ማለት ነው። የድሮውን መዝገብ ቤት አስቡት። በመደርደሪያ የተሞላ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ ያዥ። ባለጉዳይ ሲመጣ መዝገብ ያዡ ፋይሉን ከመደርደሪያ ያወጣና ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ ብዙ ፋይል እንደተዘረጋ ይቆያል፤ የሚቀጥለው ሰው ያንኑ ቢጠይቅ እጅ ሰደድ አድርጎ ማንሳት ነው። ጠባብ ከሆነ ግን አንዱን ሳይመልስ ሌላውን ማውጣት አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል። በኮምፒዩተር ቋንቋ መደርደሪያው ዲስክ ነው፣ ጠረጴዛው ራም ነው፣ መዝገብ ያዡ ዳታቤዙ ነው።

ምሳሌዬን ከፖስትግሬስ ልውሰድ። ይህ በ1986 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ተጀምሮ፣ በ1996 ፖስትግሬስኪውኤል የሚለውን ስሙን ያገኘ፣ ማንም ያለ ክፍያ ወስዶ ሊሠራበት የሚችል ዳታቤዝ ነው። እንደተጫነ ማንም ካልነካው ጠረጴዛው 128 ሜጋባይት ነው። አዲሱ ሰርቨራችን 64 ጊጋባይት ራም አለው እንበል። 64 ጊጋባይት ማለት 65,536 ሜጋባይት ነው፤ ለ128 ስታካፍሉት 512 ይመጣል። ለ512 ጠረጴዛ የሚበቃ አዳራሽ ተከራይቶ በአንዲት ዱካ ላይ ተቀምጦ መሥራት ማለት ይኼ ነው። ሌላው በብዙ ቦታ የሚሠራበት ማይኤስኪውኤልም የውስጥ ማቆያው በነባሪው ያው 128 ሜጋባይት ሆኖ ነው የኖረው።

ሠሪዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ሶፍትዌሩ በትንሿም ማሽን ላይ ያለ ችግር እንዲነሳ ስለፈለጉ ነው ትንሿን ቁጥር ያስቀመጡት። መመሪያቸው ላይ ግን በግልጽ ጽፈውታል። ለዳታቤዝ ብቻ በተመደበ ሰርቨር ላይ ከራሙ ሩብ ያህሉን መስጠት ጥሩ መነሻ ነው፤ ከ40 በመቶ በላይ መስጠት ግን ብዙም አይጠቅምም ይላል። በእኛ ምሳሌ ሩቡ 16 ጊጋባይት ነው። ሐቁን ለመናገር የቀረው ራም ጨርሶ አይባክንም፤ ሊኑክስ ራሱ ፋይል ማቆያ ያደርገዋል። ቢሆንም መዝገብ ያዡ ዕቃውን ከራሱ ጠረጴዛ ማንሳቱና ከጎረቤት መበደሩ አንድ አይደለም።

ይህን ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ ስንት ነው? ዜሮ። አንድ መስመር ጽፎ ዳታቤዙን ዘግቶ መክፈት ብቻ ነው። እኔ በተጠራሁባቸው ቦታዎች የማስተካከያውን ፋይል ስከፍት ከአብዛኞቹ መስመሮች ፊት «ይህን አታንብብ» የሚለው ምልክት እንደተደረገ የማገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ማንም አልነካውም ማለት ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ የድሮውን ማሽን ፋይል እንዳለ ገልብጠው አምጥተውታል፤ ለ4 ጊጋባይት የተሰፋ ልብስ ለ64 አልብሰውታል!

ታዲያ «ሁሉንም ቁጥር እናሳድገው» ብሎ የሚነሳ ጀግናም አይጠፋም። ቆይ፣ ረጋ! ለምሳሌ ወርክ ሜም የሚባል አለ፤ ዳታቤዙ አንድ ነገር ሲደረድር ጭኑ ላይ የሚያስቀምጣት ሰሌዳ በሏት። በነባሪው 4 ሜጋባይት ናት። አንዱ «ራም ሞልቶናል» ብሎ 256 አደረጋት እንበል። ይህቺ ሰሌዳ ግን ለአገሩ ሁሉ አንዲት አይደለችም፤ ለእያንዳንዱ የድርደራ ሥራ ለየብቻ ነው የምትታደለው። 200 ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ድርደራ ቢያዝ፣ 200 ጊዜ 2 ጊዜ 256 ሲባዛ 102,400 ሜጋባይት፣ ማለትም 100 ጊጋባይት ይሆናል። ያለን 64 ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ አይቀርፍም፤ ጭራሽ ይወድቃል። መጥኖ መደቆስ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ዲስኩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዳታቤዙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «በማውጫው ልሂድ ወይስ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ልቃኝ?» ብሎ ያሰላል። ሲያሰላ አንድን ገጽ ከመሐል ዘሎ ማንሳት በተራ ከማንበብ አራት እጥፍ ይከብዳል ብሎ ነው። ይህ ሒሳብ የሚሽከረከር ዲስክ ዘመን ሒሳብ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ነው የሚዞረው፤ የፈለጋችሁት ገጽ ዞሮ እስኪመጣ በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ትጠብቃላችሁ፤ እጁ ቦታው እስኪደርስም ሌላ ጊዜ አለ። ኤስኤስዲ ዲስክ የሚዞር ነገር የለውም። ሆኖም ካልነገራችሁት ዳታቤዙ አሁንም መደርደሪያው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱም ተበላሽቷል ብሎ ያምናል፤ ስለዚህም ማውጫውን ትቶ ሁሉንም ያነባል። ብዙ ባለሙያ ቁጥሩን ከ4 ወደ 1.1 የሚያወርደው ለዚህ ነው።

ሌላው፣ የዝውውሩ ማግሥት ጠዋት የሚመጣ ጣጣ ነው። መዝገብ ያዡ የትኛው መደርደሪያ ስንት ፋይል እንደያዘ የሚጽፍባት ማስታወሻ ደብተር አለችው። በፖስትግሬስ ትልቅ የስሪት ለውጥ ሲደረግ ይህቺ ደብተር ለብዙ ዘመን አብራ አትዛወርም ነበር፤ አብራ እንድትዛወር የተደረገው በ2025 በወጣው 18ኛው ስሪት ነው። ከዚያ በፊት ባለው ስሪት ያለ ሰው ከዝውውሩ በኋላ «አናላይዝ» የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ አለበት። ካላስኬደ መዝገብ ያዡ በዓይነ ስውር ግምት ይሠራል፤ ሕዝቡ ሰኞ ጠዋት ይሰለፋል፤ ኃላፊው «ይኼ ነው ወይ ያን ሁሉ ብር ያፈሰስንበት?» ይላል። እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እስካሁን ያልኩት የሰው ጊዜ ያባክናል፤ ይህኛው ግን ሰውን ራሱን ያጠፋል።

ስሙን የማልጠራው፣ ብዙ ሕዝብ የሚያስተናግድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሰርቨር ገዝቶ ዳታቤዙን ካዛወረ በኋላ «ፍጥነቱን አስተካክልልን» ተብዬ ሄድኩ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስሠራ አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ደረሱ። ልጅቷ ስማቸውን ጻፈች፤ ጠበቀች።

«እማማ፣ ስምዎ ሲስተሙ ውስጥ የለም።»

«እንዴት አይኖርም የኔ ልጅ? አምና እዚሁ አይደል እንዴ የተስተናገድኩት!»

ደግማ ጻፈች። የለም። «ምናልባት ሌላ ቅርንጫፍ ይሆናል የተመዘገቡት።»

«እኔ ሌላ ቅርንጫፍ የት አውቄ!» አሉና ካርዳቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡ። ቁጥሩ ሲመታ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ አድራሻቸው ወለል ብሎ ወጣ። እንግዲህ ጉድ በሉ! በቁጥር ሲፈለጉ አሉ፤ በስም ሲፈለጉ የሉም።

የሠራተኛዋ ጥፋት አልነበረም፤ ስሙን በትክክል ነው የጻፈችው። ነገሩ እንዲህ ነው። የስም ማውጫ በፊደል ተራ የተደረደረ ነው። ዳታቤዙ ስም ሲፈልግ መሐሉን ይከፍትና «ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያለ ይወርዳል፤ እኛ መዝገበ ቃላት እንደምንገልጠው ማለት ነው። የትኛው ቃል ከየትኛው ይቀድማል የሚለውን ሕግ ግን ፖስትግሬስ ብዙ ጊዜ ከራሱ አያመጣውም፤ ከሊኑክስ ይጠይቃል። ሊኑክስ ውስጥ ይህን ሕግ የሚይዘው ግሊብሲ የሚባለው ክፍል ነው። በነሐሴ 2018 በወጣው 2.28 ስሪት ይህ የድርደራ ሕግ በሰፊው ተለወጠ። በድሮው ሕግ ሰረዝና መሰል ምልክቶች በመጀመሪያው ንጽጽር እየተዘለሉ ይታለፉ ነበር፤ በአዲሱ ይቆጠራሉ። እኛ ደግሞ ስማችንን እንዴት ነው የምንጽፈው? ገ/ማርያም፣ ወ/ጊዮርጊስ፣ ኃ/ሚካኤል! እዝባር የሌለበት የስም ዝርዝር በአገራችን የት አለ? የሴትዮዋም ስም እዝባር ነበረበት።

አዲሱ ሰርቨር ሲመጣ አዲስ ሊኑክስ ተጭኖበት ነው የመጣው። የዳታቤዙ ፋይሎች ከድሮው ማሽን እንዳሉ ተገለበጡ። ማውጫው በድሮው ሕግ እንደተደረደረ ቀረ፤ ፈላጊው ግን በአዲሱ ሕግ ይፈልጋል። ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲገባው ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እዚያ ሲደርስ ሰው የለም፤ «የለም» ብሎ ይመለሳል። ቁጥርን ግን የፊደል ሕግ አይነካውም፤ ለዚህ ነው በቁጥር የተገኙት።

ይህን ልብ በሉልኝ። የፍጥነት መለኪያ ብቻ ቢታይ ኖሮ ይህ ፍለጋ እጅግ ፈጣን ነበር። «የለም» ለማለት ጊዜ አይፈጅበትም። ስብሰባ ላይ በቀረበው ሪፖርት «ስም ፍለጋ ተሻሽሏል» ተብሎ ሊጻፍ ይችል ነበር። ደግሞ ሌላም ጦስ አለው። የለም የተባለ ሰው እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ ድርብ ምዝገባን መከልከል የነበረበት ያው ማውጫ ነውና ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው።

መድኃኒቱ አንድ ትእዛዝ ነው፤ «ሪኢንዴክስ» ይባላል፤ ማውጫውን በአዲሱ ሕግ እንደገና መሥራት። በዚያው ሌሊት ተሠራ፤ በማግሥቱ እኒያ እናት በስማቸው ተገኙ። በድርብ የተመዘገበ ካለ ግን ማውጫው አልሠራም ይላል፤ መጀመሪያ ድርቡን አንድ በአንድ ማጥራት ይጠይቃል። መረጃው ተራግፎ በአዲሱ ማሽን ላይ እንደገና የተጫነ ቢሆን ማውጫውም አብሮ አዲስ ስለሚሠራ ችግሩ አይፈጠርም ነበር። ከ2022ቱ 15ኛው ስሪት ወዲህ ደግሞ ፖስትግሬስ ራሱ ሕጉ መለወጡን አይቶ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ሰው ካለ ነው እንግዲህ።

በስም ጉዳይ ከገባን አይቀር የራሳችን ፊደል ያመጣብንን ደግሞ ላንሳ። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ስንት ዓይነት አድርገን ልንጽፈው እንችላለን? የመጀመሪያዋን ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ፤ ስድስት። ሥላሴ ውስጥ ሥ ወይም ስ፤ ሁለት። ሴ ወይም ሤ፤ ሁለት። ከዚያ አራርቆ ወይም አገናኝቶ መጻፍ፤ ሁለት። ስድስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ 48! አንድ ሰው፣ አንድ አጠራር፣ 48 አጻጻፍ። ለኮምፒዩተሩ 48 የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ፕሮግራመሮቻችን ይህን ያውቃሉ። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ግን ፍለጋ በመጣ ቁጥር በመዝገቡ ያሉትን ስሞች በሙሉ እያነሱ፣ ሐውንም ኀውንም ወደ ሀ እየለወጡ፣ ከተጠየቀው ስም ጋር ማስተያየት ነው። ይህ ሲሆን ማውጫው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። 5 ሚሊዮን ሰው የተመዘገበበት፣ ለአንድ ሰው 200 ባይት የሚይዝ ሠንጠረዥ አንድ ጊጋባይት ያህል ነው፤ የፖስትግሬስ አንድ ገጽ 8 ኪሎባይት ስለሆነ ከ120 ሺህ በላይ ገጽ ማለት ነው። አንድ ሰው ለማግኘት 120 ሺህ ገጽ ይገለጣል! በማውጫ ቢኬድ አራት ወይም አምስት ገጽ ይበቃ ነበር።

አዲሱ ሰርቨር እዚህ ላይ ነው ሰውን የሚያታልለው። ያንን ሁሉ ገጽ ከራም ስለሚያነበው ፍለጋው ይፈጥናል፤ ለጊዜው ሁሉም ይደሰታል። በየመስኮቱ ሃምሳ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ወረፋው ይመለሳል፤ መዝገቡም በየዓመቱ ይወፍራል። መድኃኒቱ ሌላ ነው። ሰውየው ሲመዘገብ ስሙ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ ራሱ እንደጻፈው፤ ስሙ በመረጠው ፊደል መቀመጡ መብቱ ነው። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ፣ ተመሳሳይ ድምፆች ሁሉ ወደ አንድ ፊደል ተለውጠው፣ ክፍተቱም እዝባሩም ተነስቶ። ማውጫው በሁለተኛው ላይ ይሠራ። ይህን ለማድረግ የአማርኛ ፊደል የሚያውቅ አንድ ፕሮግራመርና ጥቂት ቀን ይበቃል፤ ሰርቨር አያስገዛም። በነገራችን ላይ የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ አንድ። ስለዚህ የእኛ ማውጫ ከፈረንጁ ይወፍራል፤ ከውጭ የመጣ ባለሙያ በራሱ ቋንቋ የገመተውን ራም ስትቀበሉ ይህን አስቡበት።

የሰርቨሩ ቦታም ነገር አለው። ብዙ ፕሮግራም ለዳታቤዙ እንደ ተላላኪ ነው የሚላላከው። የ1,000 ደንበኞች ዝርዝር ያስመጣል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ «የዚህኛውስ ሒሳብ ስንት ነው?» እያለ ሺህ ጊዜ ይመላለሳል። ሰርቨሩ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሳለ አንዱ ምልልስ ግማሽ ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ሺሁ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። አሁን አዲሱ ጉልበተኛ ሰርቨር ፍራንክፈርት ተከራይቶ ተቀመጠ እንበል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በመስተዋት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም። ሺህ ምልልስ 50 ሰከንድ! በግማሽ ሰከንድ ያልቅ የነበረው ማለቴ ነው። የፈለጋችሁትን ያህል ኮር ግዙ፣ ብርሃንን አታስቸኩሉትም። ተላላኪውን ሺህ ጊዜ ከመላክ ሺሁንም በአንድ ወረቀት ጽፎ አንዴ መላክ ነው።

ስለ ኮር ካነሳን፣ ጨረታ ላይ 64 ኮር የሚል ሲታይ ዓይን ያበራል። ፖስትግሬስ ግን በነባሪው አንድን ጥያቄ ለማገዝ ቢበዛ ሁለት ረዳት ነው የሚመድበው፤ ከዋናው ጋር ሦስት። የቀሩት 61 ሌላ ጠያቂ እስኪመጣ ይቆማሉ። ረዳት ብትጨምሩም ጂን አምዳል በ1967 ያሳየው ወሰን አለ። አሥር ደቂቃ ከሚፈጅ ሥራ አራቱ ደቂቃ የማይከፋፈል ከሆነ፣ ሺህ ኮር ብትደረድሩ ከአራት ደቂቃ በታች አይወርድም። ደግሞ አንዷ ሠራተኛ የአንድ ደንበኛ ፎርም ከፍታ፣ ሳትዘጋ ሻይ ልትጠጣ ብትወጣና ፕሮግራሙም መዝገቡን ቆልፎ ቢጠብቃት፣ ሌሎቹ ከነ64 ኮራቸው እሷን ይጠብቃሉ።

አሁን ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ማስጠንቀቂያ። አዲሱ ሰርቨር ሲያነብ ፈጥኖ ሲጽፍ የቀረፈባችሁ እንደሆነ ምክንያቱ ዲስኩ ሊሆን ይችላል። የድሮው ሰርቨር የዲስክ መቆጣጠሪያው ባትሪ ነበረው፤ መብራት ቢጠፋም የያዘውን ስለማያጣ ወዲያው «ተቀብያለሁ» ይል ነበር። አዲሱ ላይ ያ ባትሪ ወይም መብራት ሲጠፋ መረጃ የሚያቆይ ኤስኤስዲ በጨረታው ካልተጠየቀ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ መጠበቅ አለ። በዚህ ጊዜ አንዱ አዋቂ ይመጣና «ኤፍሲንክን ዝጋው፣ ይፈጥንልሃል» ይላችኋል። እውነት ነው፣ ይፈጥናል። «ተመዝግቧል» የሚለው ሳይመዘገብ ስለሆነ ነዋ! መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ከተማ ኤፍሲንክ መዝጋት ማለት ዳታቤዙን በሙሉ ለዕጣ መስጠት ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ ፋይሉ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ለስለስ ያለ ሌላ ማስተካከያ አለ፤ ሲንክሮነስ ኮሚት ይባላል። እሱ ቢዘጋ የሚጠፋው ከአንድ ሰከንድ በታች የሆነ የመጨረሻ ሥራ ነው እንጂ ዳታቤዙ አይበላሽም። ለገንዘብ ሥራ ግን እሱንም አልመክርም። የአንዷ ሰከንድ ሥራ የአንድ ሰው ደመወዝ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከመግዛት በፊት ይለካ። ፖስትግሬስ ውስጥ የትኛው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀና በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደበላ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ፤ ከዚያው ጋር ነው የሚመጣው። ሰው የሚያማርረው በሌሊት አንዴ ስለሚሠራውና 30 ሰከንድ ስለሚፈጀው ሪፖርት ነው። 50 ሚሊሰከንድ ብቻ የምትፈጅ፣ ግን በቀን ሚሊዮን ጊዜ የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ ግን 50,000 ሰከንድ ትበላለች፤ ወደ 14 ሰዓት መሆኑ ነው። እሷን ማንም አያማትም። ሌባው እሷ ናት። እሷን ይዞ «ኤክስፕሌይን» በሚለው ትእዛዝ መዝገብ ያዡ በየት በየት በኩል እንደሄደ ማየት፣ አንድ ነገር መለወጥ፣ እንደገና መለካት። አሥር ነገር በአንድ ሌሊት ለውጦ «ተሻለ» የሚል ሰው የትኛው እንዳሻለው አያውቅም፤ ሲበላሽም የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም።

የግዢ ክፍል ሰዎች እዚህ ስላላችሁ በመጨረሻ ወደ እናንተ ልዙር። የጨረታ ሰነዶቻችሁ ኮር ስንት፣ ራም ስንት፣ ዲስክ ስንት ይላሉ። «ሰው በስሙ ሲፈለግ መልሱ በስንት ሰከንድ ይመጣል?» የሚል ግን አላየሁባቸውም። የድሮው ማሽን አንድ ሳምንት ሙሉ፣ የደመወዝ ሰሞንን ጨምሮ፣ ይለካና ቁጥሩ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። አቅራቢው በእውነተኛው መረጃ ግልባጭ ላይ፣ እንደ እውነተኛው ሰዓት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እየጠየቀው፣ ከዚያ የተሻለ ማምጣቱን ያሳይ። ማሳየት ያቃተው ክፍያውን ይጠብቅ። እዝባር ያለባቸው መቶ ስሞችም ተመርጠው ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ይፈለጉ፤ አንድ እንኳ ከጎደለ ርክክቡ ይቁም። ተረካቢ ኮሚቴውም ማሽን ክፍል ገብቶ ኮር ቆጥሮ ፈርሞ ከሚወጣ ከአባላቱ አንዱ ሰዓት ይዞ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከባለጉዳዮቹ ጋር ይሰለፍ፤ ተራው ደርሶ እስኪስተናገድ የፈጀውን ደቂቃ በቃለ ጉባኤው ላይ ያስመዝግብ።

ለጥያቄ ጊዜ የቀረን ይመስለኛል።